መሪ ጨብጬ የተሳለምኋቸው ደብሮች

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ ከግሽ አባይ ሰፈር ወደ ገበያ ለመሄድ ባጃጅ ያዝሁ። ነጂው ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ "አባባ፣ ቀስ ብለው ይግቡ" ብሎ ክንዴን ደግፎ አስገባኝ። የባጃጁ የፊት መስታወት ግን ከዳር እስከ ዳር የቅዱሳን ሥዕል ተለጥፎበት፣ ከሥዕሉ በላይ ዘርፋም መጋረጃ ተንጠልጥሎበት፣ ለመንገዱ የተረፈችው ቦታ መዳፍ ብታህል ነው። ስልኩን ደግሞ በትከሻውና በጆሮው መካከል ወሽቆ ከአንድ ጓደኛው ጋር ስለ ኳስ ይሟገታል። ይሁን፣ ቅርብ ነው ብዬ ዝም አልሁ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ግን ስልኩን ጣለና ሁለቱንም እጁን ከመሪው አንሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አማተበ። ከፊታችን አንዲት ሴትዮ በፌስታል ሽንኩርት አንጠልጥላ መንገድ ትሻገራለች።

"ኧረ በስመ አብ! ዓይንህን ክፈት!" ብዬ ጮኽሁ።

ልጁ ደንግጦ መሪውን ያዘ፤ ሴትዮዋም ዘላ ዳር ወጣች፤ ሽንኩርቷ ብቻ ተበተነ። ልጁ ዞሮ አየኝና ቅር ብሎት "አባባ፣ ተሳልሜ እኮ ነው" አለኝ።

ወርጄ ከሴትዮዋ ጋር ሽንኩርቷን ለቀምሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቄ መጣ። ያቺን "ተሳልሜ እኮ ነው" የምትል መልስ እኔም በሃያ አራት ዓመቴ፣ ያውም የማልዋሻቸው ሰው ፊት ቆሜ ብያት ነበር። ቤት እስክደርስ ብቻዬን ስስቅ ያየኝ ሰው ሽማግሌው ለቀቀ ሳይል አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከናዝሬት ተነሥቶ ባሕር ዳር ፋብሪካ የተቀጠረ ሰው ነበር። እኛ ልጆቹ ያደግነው በፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ነው፤ ጎረቤቶቻችን ከወሎም፣ ከሸዋም፣ ከጅማም የመጡ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን የምናውቀው ጥምቀትና ፋሲካ ሲሆን ነው። ጾምም ቢሆን ሁዳዴን እንጂ ሌላውን አላውቅም፤ እሱንም ቢሆን እናቴ የፍስክ ስለማታበስል ነው። እኔ ትምህርቱ ስላልሆነልኝ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ጋሽ አስፋው የሚባሉ የእህል ነጋዴ ዘንድ ነጭ ፒክአፕ እየነዳሁ እህል አመላልስ ጀመር።

ያኔ ባጃጅ የሚባል ነገር የለም። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ቄሱ ሳይቀር በዘንባባው ጥላ ሥር በብስክሌት ይጎርፋል። ብርቄን ያገኘኋትም እንዲሁ ነው። የብስክሌቷ ሰንሰለት ወልቆባት ጣና ዳር ባለው መንገድ ላይ ቆማ አየኋትና ቆሜ ገጠምሁላት። እጄ በግራሶ ጠቆረ። "እጅህን በምን ልታጥበው ነው?" አለችኝ። "ጣና ምን ይሠራል?" አልኋት። ሳቀች። በዚያው አለቀልኝ።

ብርቄ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። አባቷ መሪጌታ ይኄይስ ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ከሐይቁ ደሴቶች አንዱ ላይ ተምረው፣ በኋላ ከተማ ወጥተው ስንቱን ደብተራ ያስተማሩ፣ ድምፃቸው ሲወጣ አጥር ማዶ ያለውን ሰው የሚያስቆም ሊቅ። እንዲህ ካለ ቤት ልጅ ለመጠየቅ የፋብሪካ ሰፈር ልጅ፣ ያውም ሾፌር፣ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ብቻ ጋሽ አስፋውንና ሁለት ጎረቤቶቻችንን ሽማግሌ አድርጌ ላክሁ።

የኔታ አልከለከሉም፣ አልፈቀዱምም። "ልጁን አላውቀውም" አሉ አሉ። "ሰው የሚታወቀው በመንገድ ነው። ቅዳሜ ዱርቤቴ አጠገብ ካለች ማርያም ለጽጌ ማኅሌት ተጠርቻለሁ። እሱ ይውሰደኝ፣ እሱ ይመልሰኝ። ከዚያ በሳምንቱ ኑ፣ መልሱን እነግራችኋለሁ።"

እንግዲህ የብርቄና የእኔ ዕጣ በአንድ መንገድ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ብርቄ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ብቻ መከረችኝ፤ "እባክህ፣ እንደ ሁልጊዜህ ሆነህ ንዳ። ሌላ ነገር እንዳትሞክር።" ወጣት ምክር ይሰማል? እኔ በልቤ "እንደ ሁልጊዜዬ ሆኜማ መቼ ልጃቸውን ይሰጡኛል!" ብዬ ዝግጅቴን ጀመርሁ።

በመጀመሪያ ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል ገዝቼ ከመሪው ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ ለጠፍሁ። ስፖኪዮው ላይ እንደ ዶቃ የሚንዠረገግ መቁጠሪያ ሰቀልሁ። ቀጥሎም የጽጌን ጾም ለመጾም ወሰንሁ። ማንም ሳያስገድደኝ! የፈቃድ ጾም መሆኑን ከአንድ ዲያቆን ስሰማ "ይህቺ ናት!" አልሁ። ዓርብም ቅዳሜም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ላልቀምስ ማልሁ።

ጋሽ አስፋው መኪናዋን በደስታ ፈቀዱልኝ። "ብቻ ፍሬኗ ላላ ብሏል፣ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ወስደህ አሳያት" አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን እኔ ጣና ዳር ነበርሁ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ውኃ በባልዲ እየቀዳሁ፣ ፒክአፗን እንደ ሙሽራ አጠብኋት። ጎማዋን በሳሙና ፈተግሁ። ፍሬን ማን ያየዋል? የታጠበ መኪና ግን ከሩቅ ያበራል። አጠገቤ አንዱ የጣናን ዓሣ በዘይት እየጠበሰ ነው፤ ሽታው ከባዶ ሆዴ ጋር ሲገናኝ ዓይኔ ውኃ ሞላ። እንደ ሰማዕት ሆኜ ፊቴን አዞርሁ።

ሰባት ሰዓት ላይ የኔታን ከቤታቸው ወሰድሁ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ የስንቅ ከረጢታቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ። ብርቄ በር ላይ ቆማ ሥዕሉንና መቁጠሪያውን አየች፤ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ በአድናቆት መስሎኝ ፈገግ አልሁላት።

ከከተማው ሳንወጣ ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ የመጀመሪያውን ሰላምታ ሰጠሁ። እንደ ሌላው ሾፌር በአንድ ጣት ቶሎ ግንባር ነካ አድርጎ ማለፍ አይደለም፤ ሁለቱን እጆቼን ከመሪው አንሥቼ፣ በሰፊው አማትቤ፣ ግንባሬ መሪውን እስኪነካ አጎነበስሁ። ቀና ስል አንድ ብስክሌተኛ እየተሳደበ ከፊቴ ሲያመልጥ አየሁ። የኔታ ጎሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ እንደ ምርቃት ቆጠርሁት።

ጥቅምት ነበር። ያን አገር በጥቅምት ያላየ ምን አየሁ ይላል? ክረምቱ አልፎ ሜዳው ገና አልደረቀም፤ ኑጉ አብቦ ግራ ቀኙ ቢጫ ሆኗል፤ ጤፉ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሣል። መንገዱ ያኔ አስፋልት አይደለም፤ ኮረት ነው። ክረምት የቦረቦረው ጉድጓድ ሁሉ ገና አልተደፈነም። እኔ ግን በዚያ ላይ በፍጥነት ስነዳ "ጎበዝ ሾፌር ነው" የሚሉኝ መስሎኝ ማርሹን እየቀያየርሁ እከንፋለሁ። ፍጥነትና ጉብዝና አንድ የሚመስለው ዕድሜ አለ። አሁን ሳስበው ስንቱን ወጣት ሾፌር የበላው ያ ዕድሜ ነው።

በየጉብታው ላይ ዛፍ የከበበው ቤተ ክርስቲያን አለ። የአንዱን ጉልላት ሳይ አጎነብሳለሁ፤ ቀና ከማለቴ ሌላው ይመጣል። መራዊን እስክናልፍ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳጎነበስሁ እንጃ፤ ወገቤን አሞኛል። የኔታ ሁለት ጊዜ ጎሮሯቸውን ጠረጉ፤ አንድ ጊዜም "ልጄ፣ ቀስ በል" አሉ። "አይዞዎት የኔታ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ" አልሁ። ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ። ብርቄ "አባቴ ዝም ካለ ፍራ" ብላኝ ነበር፤ እሱንም ረሳሁት። ረኀቡም ይዞኛል። ዓይኔ ላይ ትንኝ የሚመስል ነገር ይርመሰመሳል።

ከመራዊ ወዲያ አንድ ቁልቁለት ላይ፣ በስተግራ በኩል፣ ቆርቆሮዋ አዲስ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ብልጭ አለች። ገበያ የዋለ ሰው አህያውን እየነዳ መንገዱን ይዟል። እሱን አይቻለሁ፤ ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው። ከእሱ ፊት ለፊት ያለውን ግን ያ የለጠፍሁት ሥዕል ከልሎብኛል። ሁለት እጄን አነሣሁ። ዓይኔን ጨፈንሁ። አጎነበስሁ።

"ልጄ! ሰው!"

የየኔታን ድምፅ ማኅሌት ላይ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ሆኖ ግን ሰምቼው አላውቅም። ቀና ስል አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ከመንገዱ መሐል፣ ከፊቴ ቆማለች። መሸሽ አቅቷት እንደ ተተከለች ናት። ፍሬኑን ረገጥሁ። እግሬ ወደ ታች ሰመጠ እንጂ መኪናዋ አልቆመችም። ያላዳነኝን ፍሬን ትቼ መሪውን በሙሉ ኃይሌ ወደ ቀኝ ጠመዘዝሁ። ፒክአፗ ከመንገዱ ዘላ ወጣች፣ የውኃ ቦዩን ተሻገረች፣ ያበበ ኑግ ውስጥ ገብታ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረችና ቆመች። ታጥቦ ጭቃ ማለት ይኸው ነው።

የኔታ ደኅና ናቸው፤ ጥምጥማቸው ብቻ ወልቋል። እኔ በሩን ከፍቼ፣ ወድቄ ተነሥቼ ወደ መንገዱ ሮጥሁ። ሴትዮዋ እዚያው ቆማለች። ምናልባት የእኔ ዕድሜ ብትሆን ነው። የግራው ስፖኪዮ ጫፍ ብቻ ነጠላዋን ነክቶ ቀዶታል፤ ሌላ አልነካትም። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ የሸንኮራ ቁራጭ እያኘከ በትከሻዋ በኩል አየኝና ሳቀ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ወንድም ዓለም፣ እኔን ሳታይ ማንን ልታይ ነው ያጎነበስኸው?" አለችኝ።

ያኔ እግሯ ላይ ተደፋሁ። ምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ ማልቀሴን ግን አስታውሳለሁ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስሁት። የሕፃኑ እግር በአንቀልባው ሥር ተንጠልጥሏል፤ ጫማ የለውም፣ አቧራ ለብሷል፣ አንዳች አልነካውም። ያችን እግር ይዤ አልለቅም አልሁ። ሴትዮዋ በመጨረሻ አዘነችልኝና "ተነሥ በቃ፣ ተርፈናል። ማርያም አትርፋናለች" ብላ ክንዴን ይዛ አነሣችኝ።

ገበያተኛው ተሰበሰበ። የኑጉ ባለቤት ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ የተደፋውን ማሳቸውን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ "ኑግስ ይበቅላል" ብለው ልብሳቸውን አውልቀው መኪናውን ለመግፋት ቀደሙ። ስምንት ጎረምሳ "ሆ!" ብሎ አወጣልን። ሴትዮዋ በዚህ መሐል መንገዷን ቀጠለች።

ሰው ሲበተን የኔታ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና በመቋሚያቸው አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ አመለከቱኝ። ተቀመጥሁ።

"ዓይንህን የጨፈንኸው ለምንድን ነው?"

"ተሳልሜ እኮ ነው፣ የኔታ።"

"ማንን?"

ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ዞሬ አየሁ። "እርስዎን" አልሁ በመጨረሻ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፍሬኑስ ለምን አልያዘም?"

"ላልቶ ነበር።"

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር። መኪናዋን ሳጥብ ጊዜ አጣሁ።"

"ምን በልተሃል ዛሬ?"

"ጾመኛ ነኝ፣ የኔታ፤ ጽጌን ይዣለሁ። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።"

የኔታ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የተቆጡ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ለካ እየሳቁ ነው። "አንተ ልጅ! በቅዳሜ? ቅዳሜ ከሥጋና ከወተት እንጂ ከእህል ውኃ አይጾምም! ዓመት እስከ ዓመት አንዲት ቅዳሜ ብቻ ናት፣ እሷም የፋሲካ ዋዜማ ናት! ምነው፣ ሰማይ ቤት አዲስ ሕግ ወጣ እንዴ?" ከከረጢታቸው የበሶ ጭብጦ አወጡና እጄ ላይ አኖሩልኝ። "ብላ። ራብተኛ ሾፌርና እንቅልፋም ሾፌር ወንድማማች ናቸው።" ያ በሶ በሕይወቴ ከበላሁት ሁሉ ይጥማል። እያለቀስሁ በላሁት።

ከዚያ ሥዕሉን ከመስታወቱ ላይ በእጃቸው በጥንቃቄ ላጡት፤ ስመው በጋቢያቸው ውስጥ አኖሩት። መቁጠሪያውንም ፈትተው ያዙልኝ። "እሷ መንገድህን እንድትጠብቅልህ እንጂ እንድትከልልብህ አልለጠፍሃትም" አሉ። "አሁን ሰው በእግሩ እንደሚሄደው ንዳ፤ ፍሬን የለህምና።"

ሄድን። በሁለተኛ ማርሽ፣ አህያ እየቀደመን! ቤተ ክርስቲያን ባየን ቁጥር የኔታ "ቁም" ይላሉ። ዳር ይዤ አቆማለሁ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ፤ ሁለታችንም እንወርዳለን፤ ጫማችንን አውልቀን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ እስክንጠግብ እንሳለማለን። ከዚያ "ጨርሰሃል?" ይላሉ። "ጨርሻለሁ" እላለሁ። "እንግዲያው አሁን መንገዱን ብቻ እይ" ይሉኛል። ጎጃም ስንት ደብር እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አራተኛው ላይ ደከመኝ፤ ስድስተኛው ላይ ሳቄ አመለጠኝ፤ የኔታም አልቆጡም። ዱርቤቴ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከበሯቸውን አዘጋጅተው ሲጠብቁ የዋሉት ደብተራዎች "የኔታ፣ በእግርዎ ነው የመጡ?" አሏቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዱርቤቴ ከተማ ውስጥ ፍሬኑን በመካኒክ አስጠብቄ ተመለስን። በመንገዱ ሁሉ የኔታ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቤታቸው ስንደርስ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው ገቡ። በቃ፣ ብርቄን አጣኋት ብዬ አዘንሁ። ያን ሳምንት እህል አልወርድልህ አለኝ፤ በዚህኛው ጾም ግን ማንም አላወቀብኝም።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው ሄዱ። እኔ ጣና ዳር አንድ ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ጋሽ አስፋው ፊታቸውን አጨማድደው መጡ። "አይ ግርማ" አሉ፣ አጠገቤ እየተቀመጡ፣ "የኔታ መጀመሪያ የነገሩን ነገር ምን መሰለህ? 'ይህ የላካችሁ ልጅ ሰው ሊገድልብኝ ነበር' አሉን። እኛ ጋቢያችንን ሰብስበን ልንነሣ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ 'ተቀመጡ' አሉን። 'በመንገድ ሁሉ የሠራው ለእኔ ዓይን ብሎ ነበር፤ ጾሙም፣ ስግደቱም፣ የታጠበው መኪናም። አንድ ጊዜ ብቻ እኔ መኖሬን ረሳ። ሴትዮዋ እግር ላይ ሲወድቅ ዞር ብሎ አላየኝም። አገር ተሰብስቦ ቆሞ ማንንም አላየም፤ የሕፃኑን እግር ብቻ ነው የሚያየው። እናንተን የላካችሁ ያ ልጅ ከሆነ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ' አሉ።" ጋሽ አስፋው ፊታቸው ፈታ፤ ትከሻዬን በቡጢ መቱኝ። "ደግሞ መኪናዬን ሳታሳይ ዱርቤቴ ድረስ የሄድኸው አንተ ጉድ! ለሠርግህም አላውስህም!" አላዋሱኝም። በብስክሌት ነው ያገባሁ ብል አታምኑኝም፤ ሚዜዎቼ ሁሉ በብስክሌት ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታዬ ድረስ ነዳሁ፤ ፒክአፕም፣ አውቶቡስም፣ ቆላ ድባ ድረስ እህል የሚያመላልስ ከባድ መኪናም። አንድ ሰው አልነካሁም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰዎች "ዕድለኛ ነህ" ይሉኛል። ዕድልማ ያን ቀን ነው ያለቀብኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ፍሬን ማየት፣ በልቶ መነሣት፣ መተኛት ሲያምረኝ ዳር ይዞ መተኛት፣ የቸኮለ ተሳፋሪ ሲጮኽ ጆሮ አለመስጠት ነው። ብርቄ እንደ ሆነች ዛሬም ትቀልድብኛለች፤ እንግዳ ሲመጣ "አባቴ ለእኔ ሳይሆን ለአንዲት የማያውቃት ሴት ብሎ ነው ለእሱ የሰጠኝ" ትላለች። እውነቷን ነው፤ የሚያስቀን እሱ ነው።

እኔን ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል። የዚያን ሕፃን ስም አልጠየቅሁም። ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ምናልባት ሚስት አግብቷል፣ ምናልባት ባሕር ዳር ገብቶ ይሠራል። እሱ እኔን አያውቀኝም፤ ሸንኮራ እያኘከ አንድ ጊዜ ስቆልኛል፣ በቃ። አንዳንድ ጊዜ መንገድ ላይ በዚያ ዕድሜ ያለ፣ የዚያ አገር ሰው የሚመስል ሰው ሳይ እቆማለሁ። ብርቄ ክንዴን ይዛ "ማንን ነው የምታየው? ታውቀዋለህ?" ትለኛለች።

"አላውቀውም" እላታለሁ። አላውቀውማ። መንገዱን ደኅና እስኪሻገር ድረስ ግን ቆሜ አየዋለሁ።